ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ ጥቅል ስንልክ፤ የጉምሩክ ወረቀት ምን ይጠይቀናል?

በዛሬው ጊዜ ባሕር ማዶ ዘመድ የሌለው ተማሪ በመካከላችን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የአንዱ እኅት ዋሽንግተን አጠገብ፣ የሌላው ወንድም ፍራንክፈርት፣ የሦስተኛው አክስት ሪያድ ትኖራለች። ከዚያ ወደዚህ ገንዘብና ልብስ ይመጣል፤ ከዚህ ወደዚያ ደግሞ በርበሬና ሽሮ፣ ቡናና ነጠላ ይሄዳል። ከዚህ የሚሄደው በገንዘብ ሲተመን ያነሰ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ተደልዞ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶና ተፈጭቶ እስኪላክ ድረስ ምን ያህል ድካም እንደሚፈጅ እናቶቻችን ያውቁታል።

ታዲያ ጥቅሉ ከተሰናዳ በኋላ «ወረቀቱን ሙላ» ተብሎ በየቤቱ የሚጠራው ተማሪው ነው። የጉምሩኩ ወረቀት በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ወይም ተቀባዩ አገር በሚቀበለው ቋንቋ መሞላት ስላለበት፣ ሥራው ለኛ ይተዋል። ስለዚህም እናት ሁለት ሳምንት የደከመችበት ነገር መድረሱና አለመድረሱ እኛ በምንጽፋቸው በጥቂት መስመሮች ላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው ግን ወረቀቱን እንደ ሥርዓት ማሟያ ብቻ ቆጥሮ «ምግብ፤ ዋጋ የለውም» ብሎ ይፈርማል። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ የሚጠይቀን ሦስት ነገር ነው፤ ዕቃው ምንድን ነው? ዋጋው ስንት ነው? ከማን ለማን ይላካል? እንደምናየው ጥቅል የሚጠፋውና ዘመድ የሚጉላላው፣ አንዳንዴም የሚከሰሰው፣ ከነዚህ ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱ ተድበስብሶ ሲታለፍ ነው።

አስቀድመን የጉምሩክ ሥራ ሁለት ዐይነት መሆኑን እንለይ። አንደኛው ቀረጥና ግብር መሰብሰብ ነው፤ ይህ የዋጋ ነገር ነው። ሁለተኛው የተከለከለ ዕቃ እንዳይገባ በር መጠበቅ ነው፤ ይህ ደግሞ ከዋጋ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሁለቱ ስለሚደባለቁ ብዙ ስሕተት ይፈጠራል። «ስጦታ» የሚለው ቃል ከቀረጥ ሊያድን ይችላል፤ ከክልከላ ግን አያድንም። የተከለከለ ነገር አንድ ፍሬም ቢሆን፣ በነፃ የተሰጠም ቢሆን፣ የተከለከለ ነው።

ስለ ወረቀቱ ጥቂት እንበል። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1874 በስዊስ አገር በበርን ከተማ በተደረገው ውል የዓለም የፖስታ ኅብረት ተቋቋመ፤ አገራችንም በ1908 የዚህ ኅብረት አባል ሆናለች። ጥቅል የሚያጅቡት ወረቀቶች በመላው ዓለም አንድ ዐይነት መልክ ያላቸው በዚህ ኅብረት ምክንያት ነው። አነስ ያለውና ዋጋው 300 ኤስ.ዲ.አር. ማለት 400 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ያልበለጠው ዕቃ ሲ.ኤን. 22 የተባለው ትንሽ ወረቀት ይለጠፍበታል። ከዚያ ለበለጠውና ለትልልቁ ጥቅል ሲ.ኤን. 23 የተባለው ሰፊው ይሞላል። የግል አመላላሽ ድርጅቶች የራሳቸው ወረቀት ቢኖራቸውም ጥያቄዎቹ ያው ናቸው። በተጨማሪም ከ1 ጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ዕቃ ያለበት የፖስታ ጥቅል ሁሉ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቃል አስቀድሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ወደ ተቀባዩ አገር እንዲተላለፍ ኅብረቱ ደንግጓል። ስለዚህ የውጭው ሹም ጥቅላችንን ከማየቱ በፊት ጽሑፋችንን ያነባል። የኛን ቤት አያውቅም፤ እናታችንንም አያውቃትም፤ የሚያውቀው የጻፍነውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፤ ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ብዙውን ጥቅል የሚያሰናክለው እሱ ነው። አንድ ሹም ፊት ምንም ጽሑፍ የሌለበት ቢጫ ዱቄት በላስቲክ ታሥሮ ቢቀርብና ወረቀቱ «ሽሮ» ቢል፣ ቃሉ ለሱ ትርጉም የለውም። ላብራቶሪ ሊልከው ወይም ሊያስወግደው ይችላል። ስለዚህ ስሙን ብቻ ሳይሆን ከምን እንደተሠራ እንጻፍ። ሽሮ የተቆላና የተፈጨ የአተር ወይም የሽምብራ ዱቄት ነው። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። በርበሬ ደርቆ የተፈጨ ቀይ በርበሬና ቅመም ነው። ቆሎ የተቆላ ገብስና ሽምብራ ነው። ድርቆሽ የደረቀ የጤፍ እንጀራ ነው። እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ከክብደቱ ጋር ይጻፍ፤ በየከረጢቱም ላይ ያው ስም ይለጠፍ። «ልዩ ልዩ ምግብ» የሚለው ሐረግ ምንም አላለም፤ ምንም ያላለ ወረቀት ደግሞ ጥርጣሬ ይጠራል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የክልከላው ጉዳይ ነው። ከምግባችን መካከል ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ከእንስሳት የሚገኘው ነው። ቋንታ ወደ አሜሪካም ሆነ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች በጥቅል መላክ አይቻልም። አውሮፓ ቅቤና አይብንም ይከለክላል፤ በዚህም ጊዜ «ትንሽ ነው» የሚል ምክንያት አይሠራም። ማር ግን እስከ 2 ኪሎ ድረስ ለግል ፍጆታ ወደ አውሮፓ ኅብረት እንዲገባ ተፈቅዷል። እንግዲህ ድርቆሹ ንጹሕ ድርቆሽ ከሆነ መልካም ነው፤ በቋንታና በቅቤ የተፈተፈተ ከሆነ ግን በሕጉ ዐይን ሥጋና ቅቤ ነው። ሽሮውም ውስጥ የተፈጨ ቋንታ የገባበት እንደ ሆነ እንዲሁ ነው።

አንዳንዱ ሰው ይህን «ፈረንጅ ምግባችንን ንቆ ነው» ብሎ ይተረጕመዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ በአገራችን አለ፤ በአሜሪካና በአብዛኛው አውሮፓ ግን የለም። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2001 እንግሊዝ አገር ይህ በሽታ ገብቶ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተገድለዋል። መነሻው በሕገ ወጥ መንገድ የገባ ሥጋ ያለበት ትራፊ ምግብ ለአሳማ መሰጠቱ ሳይሆን እንደማይቀር በጊዜው የተደረገው ምርመራ አመልክቷል። እንግዲህ ገበሬ ያለው መንግሥት ሁሉ ይህን በር መጠበቁ የሚገርም አይደለም። የኛም ገበሬ ከብቱ እንዲጠበቅለት ይፈልጋል።

ስለ ዕፀዋት ደግሞ፣ ትኩስ ቅጠልና ለመዝራት የሚሆን ዘር መላክ የዕፀዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። አውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 2019 ጀምሮ ከሙዝ፣ ከተምር፣ ከአናናስ፣ ከኮኮነትና ከዱሪያን በቀር ለትኩስ ፍሬና ለአትክልት ሁሉ ይህን ምስክር ይጠይቃል። ስለዚህ ትኩስ ጤና አዳምና ትኩስ በሶብላ በጥቅል ውስጥ መክተት አይገባም። አፈርም ያለ ፈቃድ ወደ አሜሪካም ወደ አውሮፓም አይገባም። ይህን የምናነሣው ከገዳም የሚመጣው እምነት ብዙ ጊዜ በጥቅል ውስጥ ስለሚደረግ ነው። አፈር የተቀላቀለበት ከሆነ የተቀደሰ መሆኑን ሹሙ አያውቅም፤ ይወስደዋል፤ ምናልባትም ከሌላው ዕቃ ጋር ያስወግደዋል። ይህ እንዳይሆን ለሚሄድ ሰው መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ ክልከላው በመንገደኛም ላይ አለና።

ስለ ቡና ብዙ ሰው ይጠይቃል። የተቆላ ቡና ወደ አሜሪካ ያለ ችግር ይገባል። ጥሬውም ቢሆን ሐዋይንና ፖርቶ ሪኮን ሳይጨምር ይፈቀዳል፤ እነዚያ ሁለቱ ራሳቸው ቡና ስለሚያበቅሉ ተባይ ይፈራሉ። እዚያ ላለችው እኅት ጥሬው ቢደርሳት፣ ራሷ ቆልታ ጎረቤት ጠርታ ብታጠጣ ደስታዋ እንደሚበልጥ እናውቃለን። ነገር ግን በኛ በኩል ጥሬ ቡና የአገራችን ዋና የውጭ ንግድ ዕቃ ስለሆነ ቁጥጥር አለበት። ከመላካችን በፊት የሚፈቀደውን መጠን ከጉምሩክ መስኮት መጠየቅ ይገባል። ወደ አውሮፓ ሲሆን ደግሞ ሌላ ወሰን አለ፤ እሱን ስለ ዋጋ ስንናገር እንመለስበታለን።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንምጣ፤ እሱም ጫት ነው። በአገራችን ጫት በገበያ ይሸጣል፤ ግብርም ይከፈልበታል፤ ስለዚህ ሰው እንደ ሌላው ቅጠል ያየዋል። በአሜሪካ ግን ካቲኖን የተባለው በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ከ1993 ጀምሮ እጅግ ከሚከለከሉት አደንዛዥ ዕፆች ጋር ተመድቧል። ሆላንድ በ2013፣ እንግሊዝ በጁን 2014 ከልክለውታል። በሳዑዲ ዐረቢያና በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችም ወንጀል ነው። ትኩሱም ደረቁም ያው ነው። በጥቅል ውስጥ ሻይ ቅጠል ወይም ሒና ተብሎ ተጽፎበት የሚላክ ጫት በውጭ አገር ጉምሩኮች በተደጋጋሚ ተይዟል። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠየቀው በጥቅሉ ላይ ስሙ የተጻፈው ተቀባይ ነው። ምንም ሳታውቅ በሯ ላይ ጥቅል የተቀበለች እኅት የመኖሪያ ፈቃዷ ወይም ሥራዋ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ለአንድ እስር ቅጠል ይህን ያህል ዕዳ መግዛት ከቶ አይገባም።

ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ስንልክ ሁለት ነገር እንጨምር። ጠጅና አረቄ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ አይላክም። መድኃኒትም ቢሆን በጥንቃቄ ነው፤ ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች በኤምሬቶች ልዩ ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። አክስት «እዚያ ውድ ነው፤ ከዚህ ላኩልኝ» ብትል እንኳ የመድኃኒቱን ዐይነት ሳያጣሩ መላክ አደገኛ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፤ ዋጋው ስንት ነው?

«በቤት የተሠራ ነው፤ ዋጋ የለውም» የሚለው መልስ ተቀባይነት የለውም። ዋጋ ማለት ዕቃው በገበያ ቢሸጥ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። እናት የሠራችው በርበሬ ገበያ ላይ በኪሎ የሚሸጥበት ዋጋ አለው፤ እሱ ይጻፍ። ዋጋ ማሳነስ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በአንድ በኩል ሹሙ ካላመነ ራሱ ይገምታል፤ ግምቱም ለኛ የሚያዳላ አይሆንም። በሌላ በኩል ጥቅሉ ቢጠፋ ካሳው በጻፍነው ዋጋ ይለካል። 500 ብር ብለን የጻፍንበት የሐበሻ ቀሚስ ጠፍቶ 10,000 ብር ነበር ብለን ብንጮኽ የሚሰማን የለም።

የስጦታ ነፃነት ወሰን በየአገሩ ይለያያል። ከሰው ለሰው የተላከ ስጦታ በእንግሊዝ አገር ዋጋው ከ39 ፓውንድ ካልበለጠ ግብር አይጠየቅበትም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ወሰኑ 45 ዩሮ ነው። በተጨማሪም አንዳንድ ዕቃ በመጠን ተወስኗል፤ ቡና 500 ግራም፣ ሻይ 100 ግራም። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። አንድ ኪሎ ቡና ብንልክ ግማሹ ነፃ ሆኖ ግማሹ ይቀረጣል ማለት አይደለም፤ ቡናው በሙሉ ከነፃነቱ ይወጣል። ጀርመን አገር ደግሞ በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2.19 ዩሮ ልዩ የቡና ግብር አለ። እንግዲህ ፍራንክፈርት ላለው ወንድም ሁለት ኪሎ ቡና ባንድ ጊዜ ከመላክ ግማሽ ግማሽ ኪሎ በየጊዜው መላክ ይሻላል።

የአሜሪካ ጉዳይ በቅርብ ጊዜ ተለውጧል። ከ2016 ጀምሮ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር፤ ይህ ከ29 ኦገስት 2025 ጀምሮ ለዓለም ሁሉ ታገደ። በዚያን ጊዜ ከ80 በላይ የሆኑ የፖስታ ድርጅቶች ወደ አሜሪካ የሚላከውን ጥቅል በሙሉ ወይም በከፊል ለጊዜው አቁመው ነበር። ሆኖም ከሰው ለሰው የሚላክ እስከ 100 ዶላር የሚያወጣ እውነተኛ ስጦታ ከእገዳው ውጭ እንዲሆን ተደርጓል። ይህ 100 ዶላር ለአንድ ሰው በአንድ ቀን የሚደርሰው ነው፤ ስለዚህ ጥቅሉን ለሁለት ከፍሎ ባንድ ቀን ለአንድ ሰው መላክ አይጠቅምም። አልኮል፣ ትምባሆና አልኮል ያለበት ውድ ሽቶ በዚህ ነፃነት ውስጥ አይገቡም። እንዲህ ያለው ደንብ በቶሎ ስለሚለወጥ በየላኩበት ጊዜ አዲሱን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ባለፈው ዓመት ያለፈ ጥቅል ለዘንድሮው ዋስ አይሆንም።

ወሰኑን ያለፈ ጥቅል ተከለከለ ማለት ግን አይደለም። ቀረጡንና ግብሩን ከፍሎ የሚረከበው ተቀባዩ ነው፤ አመላላሹም የአገልግሎት ዋጋ ሊጨምርበት ይችላል። ስለዚህ ውድ ጥበብ ልብስ ለሠርግ ስንልክ ለተቀባይዋ አስቀድመን እንንገራት። ሳታውቅ ዕዳ ቢደርሳትና «አልቀበልም» ብትል ጥቅሉ ይመለሳል፤ ወይም እንደተተወ ዕቃ ይቆጠራል። ከነዚህ የትኛው እንዲደረግ ላኪው በትልቁ ጥቅል ወረቀት ላይ ምልክት የሚያደርግበት ቦታ አለ፤ ያ ቦታ ባዶ አይተው።

ሦስተኛው ጥያቄ፤ ከማን ለማን?

ስጦታ የሚባለው ሰው ለሰው ያለ ዋጋ የሚሰጠው ነው። ተቀባዩ ገንዘብ ልኮ ያስገዛው ዕቃ ስጦታ አይደለም፤ እዚያ የሚሸጥም ከሆነ ንግድ ነው። አሥር ኪሎ በርበሬ ለአንድ ሰው ሲላክ ሹሙ «ይህን ሁሉ ማን ይበላዋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

በዚህ ረገድ የአሜሪካ ሕግ ለቤት ሥራ የሰጠው አንድ ቦታ አለ። በ2002 በወጣው ሕግ መሠረት ወደዚያ አገር የሚገባ ምግብ አስቀድሞ ለምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤታቸው ማስታወቂያ ሊደረግበት ይገባል። ነገር ግን አንድ ሰው በመኖሪያ ቤቱ የሠራውንና ራሱ ለሌላ ሰው በስጦታ የሚልከውን ምግብ ይህ ግዴታ አይመለከተውም። እንግዲህ እናት በቤቷ ያሰናዳችውን ሽሮ ላኪዋ እሷ ትሁን፤ በወረቀቱም ላይ «በላኪዋ መኖሪያ ቤት የተሠራ፤ የግል ስጦታ» ተብሎ ይጻፍ። ከሱቅ የተገዛው የታሸገ ምግብ ግን በዚህ ስም አይሸፈንም።

«ከማን» የሚለው ግን ከሁሉ ይልቅ እኛን ተማሪዎችን ይነካል። ፖስታ ቤት እንሄዳለን ሲባል ጎረቤት «ይችንም ጨምርልኝ» ይላል። አንዳንዴም ለትምህርት ወደ ውጭ ለሚሄድ ጓደኛችን በሻንጣው እንዲይዝ የተሰፋ ከረጢት ይሰጠዋል። በኛ ባህል አደራ ከባድ ነገር ነው፤ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። የታላቅ ሰው ዕቃ ፈትቶ ማየት እንደ ነውር ይቆጠራል። ሕጉ ግን ፊርማውን ይዞ የሚጠይቀው የፈረመውን ሰው ነው። በወረቀቱ ግርጌ የምንፈርመው «የጻፍኩት እውነት ነው፤ አደገኛና የተከለከለ ነገር የለበትም» ብለን ነው። ያላየነውን ነገር እንዴት አየሁ ብለን እንፈርማለን? ስለዚህ «እትዬ፣ ወረቀቱ እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ ጻፉ ስለሚል ፈተን አብረን እንጻፈው» ማለት ነውር የለበትም። ይልቁንም የአደራ ጠባቂነት ነው። ዕቃዋ ንጹሕ የሆነ እትዬ ይህን ስትሰማ ራሷ ትፈታዋለች። አልፈታም ያለ ሰው ቢኖር ደግሞ በስሙ ራሱ ይላክ።

ስለ ራሳችን በርም ሳንናገር ማለፍ አይገባም። ጥቅል በመጀመሪያ የሚፈተሸው እዚሁ ነው። የብራና መጽሐፍ፣ የድሮ መስቀል፣ ጥንታዊ ገንዘብና የመሳሰለው የአገር ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ስለሆነ ያለ ፈቃድ አይወጣም። አዲስ የተሠራ መስቀል እንኳ ሲሆን አሮጌ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት መያዝ ከመጉላላት ያድናል። የዝሆን ጥርስና የነብር ቆዳ በዓለም አቀፍ ውል የታገዱ ናቸው። ጥሬ ገንዘብም በጥቅል ውስጥ አይከተትም። ሽቶና እሳት የሚያያዝ ፈሳሽም በአውሮፕላን ለሚሄድ ፖስታ አደገኛ ተብሎ የተለየ ነው።

እንግዲህ ባጭሩ፣ አንድ ጥቅል ከመላኩ በፊት የሚከተለው ይደረግ፤

1ኛ፤ ዕቃው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ። ቋንታ፣ ቅቤ፣ ትኩስ ቅጠል፣ አፈርና ጫት ካለ ይውጣ።

2ኛ፤ የቀረው ለየብቻው ታሽጎ ስሙና ከምን እንደተሠራ ይለጠፍበት።

3ኛ፤ በወረቀቱ ላይ እያንዳንዱ በየመስመሩ ከክብደቱና ከገበያ ዋጋው ጋር ይጻፍ።

4ኛ፤ የተቀባዩ አገር የስጦታ ወሰን ይጠየቅ፤ ያለፈ እንደ ሆነ ተቀባዩ ይነገረው።

5ኛ፤ የውጭው ሣጥን ሳይታሸግ ወደ ፖስታ ቤት ይወሰድ፤ ተፈትሾ እዚያው ይታሸጋል። ደረሰኙም ተቀባዩ «ደረሰኝ» እስኪል ድረስ ይቀመጥ።

በመጨረሻ ለተማሪዎች ማኅበራችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በትክክል የተሞላ አንድ የሲ.ኤን. 23 ምሳሌ ቢለጠፍ፣ ከጐኑም የሽሮ፣ የበሶ፣ የበርበሬና የድርቆሽ የእንግሊዝኛ መግለጫ ቢጻፍ፣ ወጪው ከሁለት ሉህ ወረቀት አይበልጥም። ከገና በፊት ቢለጠፍ ይመረጣል፤ ብዙው ጥቅል የሚሄደው በዚያን ጊዜ ነውና።